ሁለት ቀን ያልሞላው ጥራዝ

የመንግሥት ማተሚያ ቤቱን መጽሐፍ ጠራዥ በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም የሚያውቀው "ጋሼ ይድረቅ" በሚለው ነው። ስሙ እንዲሁ አልወጣለትም፤ በሠላሳ አንድ ዓመት የሥራ ዘመኑ ያቺ ቃል ከአፉ ተለይታ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ "ደረሰ ወይ?" ሲሉት "ይድረቅ" ነው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ ሲለማመጥ "ይድረቅ" ነው። አንድ ቀን ሚስቱ "ሾርባውን ላውጣልህ?" ብትለው ሐሳቡ ሥራው ላይ ስለነበር "ይድረቅ" አላት። እሷም የዋዛ አይደለችምና ሾርባውን እውነትም እስኪደርቅ እሳት ላይ ትታ ባዶ ድስት አቀረበችለት።

ሕጉ አጭር ነው። ሽፋኑ የተለጠፈ መጽሐፍ ከብረት መጭመቂያው ሥር ሁለት ሙሉ ቀን ሳይቆይ አይወጣም። ማጣበቂያውን ራሱ ከዱቄት ያበስላል፤ ነቀዝ እንዳይበላው ከአንዲት ቆርቆሮ ሰማያዊ ዱቄት ቆንጥሮ ይጨምርበታል፤ ከዚያ በሁለት ጣቱ እየሳበ ይፈትነዋል። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር የሚያሰማው ስብከትም ነበረው። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ሰምታችኋል? የሚባለው ለደረቀ ወረቀት ነው። እርጥብ ወረቀትማ ከወሬኛ በምን ይለያል?" ይላል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እሱ የጠረዘው አንድም መጽሐፍ ተገንጥሎ አልተመለሰም። ሰውየው ይህን የሚናገረው ሌላው ስለ ልጆቹ ብዛት በሚናገርበት ኩራት ነበር።

ወረቀት ሲጣል ማየት ደግሞ አንጀቱ አይችልም። በየወሩ መጀመሪያ ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ሦስት ጆንያ ትርፍ የደብዳቤ ቅጂ፣ ማተሚያ ቤቱ ጓሮ ባለው ምድጃ እንዲቃጠል ይመጣል። ተቀባዩ እሱ ነው። ደረሰኙ ላይ "ሦስት ጆንያ፣ ተቃጥሏል" ብሎ ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ ግን ጆንያውን ዘርግፎ ወፍራም ወፍራሙን ይለቅማል። እሳት የሚገባው ስሱ ብቻ ነው። የቀረው ከሽፋኑ ካርቶንና ከውስጠኛው ነጭ ወረቀት መሀል እየተለጠፈ ሽፋኑ እንዳይጎብጥ ያደርጋል። ማንም አያየውም፤ እሱም አያነበውም። "የሚያነብ ጠራዥ ከሚጠጣ ሹፌር አይሻልም" ባይ ነው።

አንዲት ሴት ልጅ አለችው፤ እሷም የምትሠራው እዚያው ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ መዝገብ ክፍል ውስጥ ነው። ለምትወጣ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥር ትሰጣለች፤ ከቁጥሩም ጎን የስሟን ሁለት ፊደላት ትጭራለች። ጓደኞቿ "ቁጥሬ" ይሏታል። እናቷን በምላስ፣ አባቷን በግትርነት የወጣች ልጅ ናት። የአባቷ ትልቁ ሕልም ጡረታ ሲወጣ የእሷን ቢሮ መዛግብት በሙሉ በቆዳ ጠርዞ መሰናበት ነበር።

ታዲያ በዚያ ሞቃታማ ወቅት፣ አንድ ሰኞ ቀትር ላይ፣ የፕሬዚዳንቱ ፕሮቶኮል ሹም ጫማው እያብረቀረቀ ጥረዛ ክፍሉ ውስጥ ዘው አለ። የፕሬዚዳንቱ ንግግሮች በአንድ ላይ ታትመዋል። የመጽሐፉ ርዕስ "እኔ ምን አለኝ?" ይላል፤ ፕሬዚዳንቱ በትሕትና ደረታቸውን መታ እያደረጉ የሚናገሯት ቃል ናት። አራት መቶ ቅጂ ለአራት መቶዎቹ የምክር ቤት አባላት በነፍስ ወከፍ ሊታደል ነው። ሽፋኑ የተለጠፈው ገና በዚያው ቀን ጠዋት ነበር።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል" አለ ሹሙ።

"ረቡዕ ከሰዓት ይምጣ። ይድረቅ።"

"ምክር ቤቱ የሚከፈተው ነገ ነው እኮ፣ ጋሼ።"

"ምክር ቤቱ ይከፈት። መጽሐፉ ግን እንዳይከፈት ይድረቅ!"

ሥራ አስኪያጁ ከኋላ ሆነው በዓይናቸው ተማጸኑት፤ እሱ ወይ ፍንክች። ሹሙ ግን አልተቆጣም። ከመቆጣት የባሰ ነገር አደረገ፤ ፈገግ አለ።

"ልጅዎ እኛ ጋ ነው አይደል የምትሠራው? ጎበዝ ልጅ ናት። ሥራዋን ትወዳለች።"

ጋሼ ይድረቅ መጭመቂያውን አየ፣ ሹሙን አየ፣ እጁን አየ። በማግሥቱ ጠዋት ማጣበቂያው ገና እርጥብ እንደሆነ፣ ሲነኩት እንደሚቀዘቅዝ እያወቀ አራት መቶውን መጽሐፍ አሳልፎ ሰጠ። ያን ቀን ምሳው አልበላ አለው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያለ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ሲያጉረመርም ዋለ።

የሆነውን አገር ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። የምክር ቤቱ አዳራሽ ማቀዝቀዣ በመክፈቻው ዕለት አልሠራ አለ። ሙቀቱ አያድርስ ነው። ፕሬዚዳንቱ ንግግራቸውን ጀመሩ፤ አራት መቶ አባላት በአራት መቶ "እኔ ምን አለኝ?" ራሳቸውን ማራገብ ጀመሩ። በደንብ ያልደረቀ ሽፋን ሲያራግቡት ምን እንደሚሆን የሚያውቅ በአገሩ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ቤቱ ተቀምጦ ዓይኑን በእጁ ሸፍኗል። መጀመሪያ ሽፋኑ ጎበጠ። ቀጥሎ የውስጡ ነጭ ወረቀት ጥጉን አነሳ። ከዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከተቀመጡት አንዲት ወፍራም እንደራሴ ጭን ላይ አንድ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ዱብ አለ።

እንደራሴዋ መነጽራቸውን አጠለቁ። ደብዳቤው ለከተማው ውሃ አገልግሎት የተጻፈ ነው። የሰሜን ሰፈሮች ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲቋረጥና ወደ ፕሬዚዳንቱ የግል ኩሬ እንዲዞር ያዛል። ምክንያቱም ተጽፏል፤ "የኩሬው መጠን በመቀነሱ ዳክዬዎቹ ምቾት አጥተዋል።" እንደራሴዋ የሰሜን ሰፈር ተወካይ ናቸው። ያን ዕለት ጠዋት ፊታቸውን የታጠቡት በአንድ ኩባያ ውሃ ነው።

በዚያው ቅጽበት ፕሬዚዳንቱ መድረኩ ላይ "እኔ ውሃ የምጎነጨው ሕዝቤ ከጠጣ በኋላ ነው!" እያሉ ነበር።

እንደራሴዋ ደብዳቤውን ለጎረቤታቸው አሳዩ፣ ጎረቤትየው የራሱን ሽፋን ገነጠለ፣ ከእሱም ሌላ ደብዳቤ ወጣ፤ የውሃው መጥፋት በድርቅ ተሳብቦ ለሕዝብ እንዲነገር የሚል። ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ቀርርር፣ ቀርርር በሚል ድምፅ ተሞላ። አራት መቶ ሰው በአንድ ላይ ሽፋን ሲገነጥል ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ፕሬዚዳንቱ ጭብጨባ መስሏቸው እጃቸውን እያነሱ አመሰገኑ።

ጋሼ ይድረቅና ሚስቱ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ውሃ በመጣ ቀን በሚሞሉ ስድስት ባልዲዎች መሀል ተቀምጠው ነበር። ካሜራው አንዱን ደብዳቤ አቅርቦ ሲያሳይ ሚስቲቱ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋች።

"አንተ፣ ጥጉ ላይ ያለው ሰማያዊ ነገር ያንተ ማጣበቂያ አይደለም?"

"የስንቱ ማጣበቂያ ሰማያዊ ነው።"

"የማንም አይደለም። ቀሚሴን ያበላሸኸው በዚሁ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው ያንተ ነው!"

"ዝም አይነቅዝም፣ ሴትዮ" አላት።

ዝም ማለቱ ግን ብዙም አላዋጣውም። በማግሥቱ በደብዳቤዎቹ ሁሉ ላይ፣ ከቁጥሩ ጎን፣ የቁጥሬ ሁለት ፊደላት ተገኙ። ምክር ቤቱ ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ለማንሳት መርማሪ ኮሚቴ ሲያቋቁም፣ የፕሬዚዳንቱ ጠበቃ ደግሞ የራሱን ታሪክ ይዞ መጣ። ጠበቃው ወፍራም ድምፅና ቀጭን ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። ደብዳቤዎቹ ሐሰት ናቸው አለ፤ የመዝገብ ክፍሏ ልጅ ራሷ ፈብርካ፣ ከግብረ አበሮቿ ጋር መጽሐፉ ውስጥ አስገብታቸዋለች። እውነተኞቹ ትርፍ ቅጂዎች መቃጠላቸውን መዝገቡ ላይ ራሷ ጽፋ የለ? የተቃጠለ ወረቀት ከየት ይመጣል? ክሱ ከጸና ልጅቷን አሥራ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቃታል፤ ፕሬዚዳንቱም ነፃ ወጥተው ወደ ዳክዬዎቻቸው ይመለሳሉ።

ቁጥሬ ከሥራ ታግዳ ቤት ዋለች፤ የኮሚቴው ቀጠሮ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው። ሕዝቡ ግን የጠበቃውን ታሪክ በራሱ መንገድ ወደደው። እሷ ናት ያጋለጠች፣ ጀግና ናት አለ። ታክሲ ውስጥ ከፊት ያስቀምጧታል። ፀጉር ቤት ወረፋ የለባትም። የአንደኛው ደብዳቤ ቁጥር ካናቴራ ላይ ታትሞ ጎረምሳው ሁሉ ለብሶት ይንጎራደዳል።

"እኔ አይደለሁም!" ትላለች።

"አየሽ ጨዋነቷን!" ይባባላሉ።

"እውነቴን ነው፣ ምንም አላደረግሁም!"

"እሷማ እንዴት ትናገር! ምስጢር ጠባቂ እኮ ናት!"

በካደች ቁጥር ዝናዋ ጨመረ። በቀጠሮው ዋዜማ፣ ረቡዕ ዕለት፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት እጇን ለመሳም ሲታገሉ እናቷ መሀል ገብታ ነው የገላገለቻት። አባትየው ይህን ሁሉ ከመጋረጃ ጀርባ ያያል። ሚስቱ በር ዘግታ አፋጠጠችው።

"ምንድን ነው የምትጠብቀው? ይድረቅ ነው አሁንም? ሄደህ ንገራቸው!"

"ምን ብዬ?" አለ፣ ድምፁ ተሰብሮ። "ቸኩዬ እርጥብ መጽሐፍ አወጣሁ ብዬ? በአገር ፊት? ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው!"

"ልጅህ አሥራ አምስት ዓመት ልትታሰር ነው፤ አንተ ስለ ሙጫ ታወራለህ?"

ይህን ጊዜ ቁጥሬ ከጓዳ ወጣች። ከቦርሳዋ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችለት። ደረሰኙ ነው። "ሦስት ጆንያ፣ ተቃጥሏል።" ከሥሩ የአባቷ ፊርማ።

"መዝገቡ ላይ 'ተቃጥሏል' ብዬ የጻፍኩት ይህንን አምኜ ነው፣ አባባ" አለች። "ጠበቃው ፊት ባወጣት ነፃ እወጣለሁ። ለማንም አላሳየኋትም፤ አላሳይምም። ጥፋተኛ የሚሉህ አንተን ነው።"

ጋሼ ይድረቅ ፊርማውን አየ። ሰውየው በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም፤ ስለ ሙጫው ያፈረውም ከዚህ ጋር ሲተያይ ቀልድ ነበር። ደረሰኟን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተታት። "ነገ አብረን እንሄዳለን" አለ።

ሐሙስ ጠዋት ኮሚቴው ፊት ሲቆም የሥራ ካፖርቱን እንደለበሰ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ካሜራው በርቷል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንዲት ጥርት ያለ አነጋገር ያላቸው ዳኛ ነበሩ።

"ደብዳቤዎቹን ሽፋኑ ውስጥ ያስገባው ማን ነው?"

"እኔ።"

አዳራሹ ተንጫጫ። ቁጥሬ ዓይኗን ጨፈነች።

"ማን አዘዘዎት?"

"ማንም። ሽፋኑ እንዳይጎብጥ ብዬ ነው።"

"ማለትም የፖለቲካ ዓላማዎ..."

"ቀጥ ያለ ሽፋን ነው፣ እመቤቴ።"

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ሰብሳቢዋም አፋቸውን በወረቀት ከለሉ። ሳቁ ጋብ ሲል ደረሰኟን አውጥቶ አስረከበ፤ ሳያቃጥል እንደፈረመም ተናገረ።

"ታዲያ ምስጢሩን ያወጣው ማን ነው?" አሉት።

አሁን ነው ጭንቁ። "ጥድፊያ ነው" አለ። "ሁለት ሙሉ ቀን መቆየት ነበረበት። አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው አወጣሁት። ስለ ልጄ ሥራ አንስተው ፈገግ ቢሉብኝ ፈራሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሥራዬን አበላሸሁ።" ይህን ብሎ እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሕዝቡ ለአገሩ ያለቀሰ መስሎት ተነሥቶ አጨበጨበ፤ እሱ ደግሞ ይብሱን አፈረ።

ጠበቃው ግን ዘሎ ተነሳ። "ተረት ነው! አባት ልጁን ለማዳን የፈጠረው ተረት! ውዳቂ ወረቀት መለጠፍ ልማዴ ነው ካሉ፣ በፊት የጠረዙትን ያሳዩና!"

"ጠረጴዛው ላይ አለ" አለ ጋሼ ይድረቅ፣ በአገጩ እየጠቆመ። ሰብሳቢዋ ፊት የተቀመጠው የምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ መጽሐፍ እሱ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የጠረዘው ነው።

ሰብሳቢዋ ሽፋኑን በጥፍራቸው ሞከሩት። ወይ ፍንክች። የአዳራሹ አስተናጋጅ ሞከረ። ሁለት ጥበቃዎች ግራና ቀኝ ይዘው ጎተቱ፤ አንደኛው ወንበር ላይ በጀርባው ወደቀ። የወረቀት መቁረጫ ቢላ መጣ፤ ቢላው ተሰበረ። ጋሼ ይድረቅ እንባው ሳይደርቅ ደረቱ እያበጠ፣ እያበጠ ሄደ። "ሁለት ቀን ያደረ ነዋ!" አለ፣ ዝም ማለት አቅቶት። "የፈላ ውሃ አምጡ፤ በእንፋሎት ብቻ ነው የሚለቀው። እኔው እከፍተዋለሁ።"

ማንቆርቆሪያ ከነእንፋሎቱ ገባ። የገዛ እጁን ሥራ የሚያፈርስ ሰው እንዴት እንደሚሆን ማየት ነው። በሁለት ጣቱ እያባበለ ነጩን ወረቀት ላጠው፤ ከሥሩ ሰማያዊ ማጣበቂያ፣ ከማጣበቂያውም መሀል አንድ የቆየ ማመልከቻ ወጣ። ሰብሳቢዋ ጮክ ብለው አነበቡት። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት በፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት አንድ ወጣት የሕግ ሠራተኛ የጻፈው ነው። አክስቱ ለሦስተኛ ጊዜ ስለሞቱ የአምስት ቀን የሐዘን ፈቃድ ይጠይቃል። ፊርማው የጠበቃው ነበር።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጠበቃውን አዩት። "ነፍሳቸውን ይማር" አሉ። "ስንት ጊዜ እንደሚማርልዎት ግን አላወቅሁም።"

ከዚያ በኋላ በአዳራሹ የሆነውን ሥርዓት ማስያዝ አልተቻለም። እንደራሴዎቹ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ሲስቁ አንዱ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ቁጥሬም እየሳቀች፣ እያለቀሰች የአባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ደብዳቤዎቹ እውነተኛ መሆናቸው ተረጋገጠ፤ በእሷ ላይ የቀረበው ክስ እዚያው ወደቀ። በቀጣዩ ማክሰኞ ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት መቶ ስልሳ ሁለት እጅ ወጣ፤ ፕሬዚዳንቱ ከሥልጣን ተነሡ። ሲወጡ በለመዱት ትሕትና ደረታቸውን መታ አድርገው "እኔ ምን አለኝ?" ቢሉ ከኋላ ረድፍ አንዱ "ዳክዬ!" ብሎ መለሰላቸው።

በከተማው ማንቆርቆሪያ ጠፋ። ባለሥልጣን ሁሉ በየቢሮው ከመደርደሪያ መጽሐፍ እያወረደ በእንፋሎት ሲያጥን ሰነበተ፤ የትኛው ሽፋን የማንን ጉድ እንደያዘ አይታወቅማ። ጋሼ ይድረቅን መንገድ ላይ ያየ ሹም ሁሉ ባርኔጣውን ያነሳ ጀመር። በሐሰት በመፈረሙ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ማስጠንቀቂያው የሚታሰርበትን የሠራተኞች ፋይል የሚጠርዘው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። ሰሜን ሰፈር ውሃ በየቀኑ መጣ። ሚስቱ ግን አላመነችውም፤ ስድስቱን ባልዲዎች ዛሬም ትሞላለች።

አንድ ሥራ ቀረ። ፕሬዚዳንቱ የተነሡበት ውሳኔ በሕጉ መሠረት በቆዳ ተጠርዞ ቋሚ መዝገብ ሆኖ ካልተቀመጠ ተተኪው ቃለ መሐላ መፈጸም አይችሉም። ጋሼ ይድረቅ ሽፋኑን አዲስ በአዲስ፣ ምንም ባልተጻፈበት ወረቀት ደግፎ ለጠፈውና መጭመቂያውን አጠበቀ። በማግሥቱ ጠዋት የተተኪው ፕሮቶኮል ሹም ከች አለ። ሰውየው አዲስ ነው፤ ጫማው ግን እንደዚያኛው ያብረቀርቃል።

"ጋሼ፣ አገር እየጠበቀ ነው። አሁኑኑ ይፈለጋል።"

"ነገ ከሰዓት። ይድረቅ።"

ሹሙ ዞር ዞር ብሎ ክፍሉን ቃኘ። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ልጅዎ እኛ ጋ ነው አይደል የምትሠራው?"

ጋሼ ይድረቅ የመጭመቂያውን እጀታ አንድ ዙር ጨምሮ አጠበቀው።

"አዎ" አለ። "ለዚህ ነው ሳይደርቅ የማይወጣው።"

ከዚያም መጭመቂያው አጠገብ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ምሳውን ፈትቶ መብላት ጀመረ።